ከአጋሮ እስከ ግልገል ጊቤ፦ ጠባይን የሚሠራ ስፍራ

ስለ ጅማ ቡና ለብዙ ዘመን ሲነገር የኖረ ክስ አለ። ገበሬው ቸልተኛ ነው፤ ቀዩን እሸት ለይቶ አይለቅምም፤ ቅርንጫፉን ይዞ የበሰለውንም ጥሬውንም አንድ ላይ ይገፍፋል፤ የለቀመውንም መሬት ላይ አስጥቶ አፈርና እርጥበት ያስበላዋል። የይርጋ ጨፌና የሲዳማ ቡና በዓለም ገበያ ስሙ ሲገን «ጅማ 5» የሚባለው ደረጃ በርካሽነቱ የታወቀው በዚህ የተነሣ ነው ይባላል። የታዘዘውም መድኃኒት ሁልጊዜ ምክር ነበር። የግብርና ባለሙያው ስብሰባ ይጠራል፣ ያስተምራል፤ ገበሬው ሰምቶ አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ይመለስና እንደ ለመደው ይለቅማል።

ነገሩን ከገበሬው ማሳ ሆነን እንየው። ቡና በአንድ ቀን አይበስልም። ቀይ ቀዩን ብቻ የሚለቅም ሰው ወደ አንዱ ዛፍ ሦስት አራት ጊዜ መመለስ አለበት። እስኪመለስ ዝንጀሮና ጦጣ ይበሉበታል፣ ሌባ በሌሊት ይገባበታል። ለለቃሚ የሚከፍለው የለውም፤ ክረምቱን የተበደረው ዕዳ ግን ቀኑ ደርሷል። ሰብሳቢው ደግሞ ለቀዩም ለተደባለቀውም የሚሰጠው ዋጋ ያው ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ ለይቶ መልቀም ኪሳራ ነው፤ የገፈፈው ሰው ሒሳቡን በሚገባ የሠራ ሰው ነው። ዕውቀት አላጣም። ዕውቀቱ የሚያዋጣበት ስፍራ ግን አልነበረውም።

ይህ ስፍራ እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ በአጋሮ ዙሪያ መለወጥ ጀመረ። ቴክኖሰርቭ የተባለው ድርጅት ከጌትስ ፋውንዴሽን ባገኘው ድጋፍ የጎማና የአጎራባች ወረዳ ገበሬዎች በማኅበር እንዲደራጁና በብድር አነስተኛ የእሸት ቡና ማጠቢያ እንዲተክሉ አገዘ። ከነዚያ ማኅበራት አንዱ ዱሮሚና ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የአፍሪካ ቡናዎች በጣዕም በሚወዳደሩበት መድረክ ዳኞች የዱሮሚናን ቡና አንደኛ አደረጉት። ዛፉ የቀድሞው ዛፍ ነው፤ አፈሩም፣ ለቃሚውም እንደዚያው። አዲሱ ነገር በእግር የሚደረስ መፈልፈያ፣ እሸቱን በዕለቱ የሚመዝን ሚዛን፣ ለቀዩ የተለየ ዋጋ፣ ከመሬት ከፍ ያለ የሽቦ አልጋና ቡናው ከተሸጠ በኋላ ለአባላት የሚመለስ የትርፍ ድርሻ ነበር። ስብሰባና ምክር በዓመታት ያላመጡትን ልማድ እነዚህ ነገሮች በሁለት ሦስት የለቀማ ወቅት አመጡት።

ይህን ታሪክ ማስቀደሜ በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች በሰው ጠባይ ላይ የምናሳብበው ብዙ ነገር ከመሬቱ፣ ከውሃው፣ ከዋጋውና ከወሩ የሚመጣ መሆኑን ስለማምን ነው። ጫካው ራሱ ይመሰክራል። በጌራና በጎማ ወረዳዎች የስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲው ክሪስቶፈር ሂላንደር ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ጋር ባደረገውና እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመው ጥናት፣ ቡና በሚበቅልበት ከፍታ ላይ ያለው ደን በአብዛኛው ቆሞ ሲገኝ፣ ቡና ከማይሆንበት ከፍታ ያለው ደን ይበልጥ ሲመነጠር ተገኝቷል። አንድ ዓይነት ሰው፣ አንድ ዓይነት መጥረቢያ፤ ከታች ዋንዛውንና ብሳናውን ለቡናው ጥላ ብሎ ይንከባከባል፣ ከላይ ደኑን ለእርሻ ይቆርጣል። ጥናቱ ሌላም ነገር አልደበቀም፦ ቡና ያቆመው ደን ሥሩ ተመንጥሮ፣ ዛፉ ተመርጦ የቀረ እንጂ የቀድሞው ሙሉ ደን አይደለም። እንደዚያም ሆኖ ከባዶ ኮረብታ ይሻላል።

አሁን ወደ ውሃው ልውረድ፤ ጉዳዩ የሚከብደው እዚህ ነውና።

የገበሬውን ልማድ ያቀናው ማጠቢያ ጣቢያ በወንዝ ዳር ይተከላል። እሸት ቡና ሲፈለፈል ሥጋው ይወገዳል፣ ፍሬው ላይ የቀረው ማርማ ልጋግ ደግሞ ተብላልቶ በውሃ ይታጠባል። ይህ ውሃ ስኳር የበዛበት፣ የኮመጠጠ ነው። ሳይጣራ ወንዝ ሲገባ ተሐዋስያን ሊያብላሉት ይረባረባሉ፤ በዚያው ልክ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳሉ። ዓሣውና በድንጋዩ ሥር የሚኖሩት ጥቃቅን እንስሳት ይሞታሉ፣ ወንዙ ይጠቁራል፣ ይሸታል። ይባስ ብሎ የማጠቢያው ወቅት ዝናቡ አባርቶ ወንዙ መጉደል የሚጀምርበት ነው፤ ብዙ ቆሻሻ በትንሽ ውሃ ይገባል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አለማየሁ ሀዲስና ራኒ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት በማጠቢያ ጣቢያ አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች የቆዳ ማሳከክ፣ የሆድ ሕመም፣ ማቅለሽለሽና የመተንፈስ ችግር እንዳለባቸው ገልጸዋል። ከዚያ በኋላ አበበ በየነና ባልደረቦቹ የጅማ ዞንን ወንዞች ከጣቢያዎቹ በላይና በታች አነጻጽረው ጉዳቱን በግልጽ አሳይተዋል።

እዚህ ላይ ሰው ምን ያደርጋል? ወንዙ ሲሸት እናት ልጇን ሌላ ምንጭ ፍለጋ ትልካለች፤ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ታረፍዳለች። ከብት የሚጠጣው ሲያጣ የታችኛው ጎረቤት ከላይኛው ይጣላል። የሚያጣላቸው የጣቢያውን ፍሳሽ ወደ ወንዙ የሚለቀው የቧንቧ አፍ ነው፤ የታችኛው ሰው ነገረኛ ተብሎ ሽምግልና ሲጠራ ግን የቧንቧው አፍ ሽማግሌ ፊት አይቀርብም። መፍትሔው ውድ አይደለም። ውሃ የሚቆጥብ መፈልፈያ አለ፤ የቡናው ገለፈት ተከምሮ ኮምፖስት ይሆናል፤ የቀረው ውሃ በቬቲቨር ሣር በተተከለ መሬት ላይ ተንጣልሎ ወንዝ ሳይደርስ እንዲሰርግ ይደረጋል። በአጋሮ ዙሪያ ባሉ ማኅበራትም ይህ ተሞክሯል። የሞከሩት ማኅበራት መኖራቸው፣ ያልሞከሩትም በዚያው ፈቃድ መሥራታቸው ያንገበግበኛል።

የጅማ ከተማም አዌቱ የሚባል የራሷ ወንዝ አላት። አባ ጅፋር ዳግማዊ ከ1870ዎቹ ጀምሮ ግማሽ ምዕተ ዓመት ለሚያልፍ ጊዜ የገዙት ከጅሬን ኮረብታ ሆነው ነው፤ ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም እዚያው አለ። ገበያው ግን ታች ሂርማታ ነበር። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን አዲሱን ከተማ ወደዚያ ዝቅታ አወረዱትና ጅማ አዌቱን መሐል አድርጋ አደገች። ከኮረብታው ወደ ጨፌው የወረደ ከተማ ፍሳሹ የሚሄድበት ቁልቁለት ያንሰዋል። የጋራዡ ዘይት፣ የሆቴሉ እጣቢ፣ የገበያው ጥራጊ አዌቱ ይገባል፤ አዌቱም ወደ ቦዬ ረግረግ ያመራል። ቦዬ ጉማሬና አእዋፍ የሚኖሩበት፣ የከተማዋን ቆሻሻ ሲያጣራ የኖረ ስፍራ ነው። ዙሪያውን ግን ለእርሻ፣ ለባሕር ዛፍና ለሸክላ ጡብ ማምረቻ እየተቦጫጨቀ መጥቷል። ከቦዬ ያለፈው ውሃ ወደ ግልገል ጊቤ ይወርዳል።

በግልገል ጊቤ ላይ በ1996 ዓ.ም 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ ሥራ ጀመረ። ውሃው በኦሞ ናዳ፣ በቀርሳ፣ በጢሮ አፈታና በሶኮሩ ወረዳዎች የነበረ መሬት ሸፈነ፤ ነዋሪዎችም ተነሥተው ሌላ ቦታ ሰፈሩ። የጅማ ዩኒቨርሲቲው ደለነሳው የኋላውና ባልደረቦቹ ከግድቡ ዳርቻ በ3 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚኖሩ ሕፃናትን ከ5 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ርቀው ከሚኖሩት ጋር አስተያዩ። እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ውጤት በቅርብ የሚኖሩት ሕፃናት ይበልጥ በወባ እንደሚያዙ አሳየ። ምክንያቱ ለዓይን የሚታይ ነው፦ ግድቡ ሲጎድል በዳርቻው ጥልቀት የሌለው ውሃ ይቀራል፣ ከብት ሊጠጣ ወርዶ በጭቃው ላይ ኮቴውን ያትማል፣ በየኮቴው የተጠራቀመ ፀሐይ የሚያሞቀው ውሃ ለወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል። አጎበር የማይጠቀም ሰው ሰነፍ ነው ብለን ከመፍረዳችን በፊት ቤቱ ከውሃው ምን ያህል እንደሚርቅ እንጠይቅ። ትንኟም ለፀረ ትንኝ ኬሚካሎች መቋቋም ማሳየቷን እነዚሁ ተመራማሪዎች በኋላ አረጋግጠዋል። ግድቡ ለአገር መብራት ሰጥቷል፤ ይህን የሚክድ የለም። ዳርቻው ላይ የቀሩት ሕፃናት የከፈሉት ግን በሜጋ ዋት አልተቆጠረም።

ስፍራ ስንል መሬትና ውሃ ብቻ አይደለም፤ ወርም ስፍራ ነው። በቡና አገር ዓመቱ ለሁለት ይከፈላል። ከጥቅምት እስከ ጥር ገንዘብ አለ፤ ሠርግ ይደገሳል፣ ቆርቆሮ ይገዛል። ከሰኔ እስከ መስከረም የቡናው ብር አልቋል፣ በቆሎው አልደረሰም፤ ብዙዎች ቡናቸውን ገና ዛፍ ላይ ሳለ በአነስተኛ ዋጋ ለአበዳሪ ያስይዛሉ። የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲው ክሬግ ሃድሊና የጅማ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ በግልገል ጊቤ አካባቢ ባጠኑትና እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ሥራ፣ የምግብ ዋስትና ያጡ ሰዎች የጭንቀትና የድባቴ ምልክቶች እንደሚበዙባቸው ተገኝቷል፤ ሌሎች የሕይወት መከራዎች ተለይተው ከተሰሉ በኋላም ግንኙነቱ አልጠፋም። በነሐሴ እንቅልፍ ያጣውን፣ በትንሽ ነገር ከቤተሰቡ ጋር የሚጋጨውን አባወራ ጠባዩ ከፋ እንለዋለን። በኅዳር ግን ያው ሰው ጎረቤቱን ጠርቶ አቦል ቶና በረካ እያለ ቡና ያጠጣል።

ጫትም የሚታየኝ በዚሁ ዓይን ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ሲወድቅ በሐረርጌ በሰፊው፣ በሌሎች የቡና አገሮችም በየቦታው ቡና እየተነቀለ ጫት ተተከለ። ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፣ በዕለቱ ብር ይሆናል፤ ያንን የረኃብ ክረምት ይሻገሩበታል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ሠራተኞች የጫት ልማድ ሳይቀር አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2004 አሳትሟል፤ ጨዋነት ያለው ሥራ ነው። ወጣቱን በተመለከተ ግን ስብከቱ ከጥናቱ ይበልጣል። ከሰዓት በኋላ በነፃ የሚቀመጥበት ጥላ፣ የሚያነብበት ቤት፣ ኳስ የሚጫወትበት ሜዳ የሌለው ልጅ፣ ሥራም የሌለው፣ በርጫ ቤት ገብቶ ከሰው ጋር መጨዋወቱ ሊያስደንቀን አይገባም። ሰፈሩ የሰጠው መቀመጫ እሱ ብቻ ነው።

ለዚህ ነው በ2016 ዓ.ም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ክልል ከተሞች የተስፋፋውን የኮሪደር ሥራ በጅማ በትኩረት የምከታተለው። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራት፣ መቀመጫና ዛፍ ያለበት ጎዳና ሰውን ከቤት ያወጣዋል፤ ሴት ልጅ አምሽታ በሰላም ትሄድበታለች፤ አረጋዊ ያርፍበታል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የወንዝ ዳርቻ ሣር ተተክሎበት ወንዙ ራሱ እንደ ጠቆረ ከቀጠለ ግን የተሠራው ለሚያልፈው ሰው ዓይን እንጂ ከቦዬ በታች ውሃ ለሚቀዳው ሰው አይደለም። ከቦታው የሚነሡትም ሰዎች ከገበያቸው፣ ከዕድራቸውና ከቡና ተጣሪ ጎረቤታቸው መለየታቸው በወጪው ዝርዝር ውስጥ መግባት አለበት።

ጅማ ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልጋት ዕውቀት በእጇ ነው። በ1992 ዓ.ም የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋሕደው የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲ መሪ ቃሉ በማኅበረሰቡ ውስጥ መሆኑን የሚናገር ነው፤ ተማሪዎቹም በየቀበሌው እየወጡ የሚማሩበት ሥርዓት አለው። ቤተ ሙከራው አለ፣ የታተመው ጥናት አለ። የጎደለው ውጤቱ ለገበሬው በሚነበብ መልክ መድረሱና ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ያንን አይቶ መወሰኑ ነው። የቡና ኤክስፖርታችን በዓመት ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ማስገባት በጀመረበት በዚህ ጊዜ ለአንድ ማጠቢያ ጣቢያ የሣር መደብ መሥሪያ ገንዘብ ጠፋ ማለት አይቻልም። የቬቲቨሩ ችግኝ ዝናቡ ሳይወጣ መተከል አለበት። በጥቅምት ለቀማው ሲጀመር ከየጣቢያው በላይና በታች የወንዙ ናሙና ይወሰድ፤ ውጤቱም እሸቱ በሚመዘንበት ስፍራ፣ የዕለቱ ዋጋ በሚጻፍበት ሰሌዳ ላይ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይለጠፍ።