ከባሕር ወደ የብስ፦ የጀርመን ቀላል ክሩዘር «ኮኒግስበርግ» በምሥራቅ አፍሪካ የሰጠችው የጦርነት አገልግሎት

መግቢያ

የአንዲት የጦር መርከብ አገልግሎት በምን ይለካል? የባሕር ኃይል ታሪክ ጸሐፊዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥሩት ያሰጠመቻቸውን መርከቦች፣ የተሳተፈችባቸውን ውጊያዎችና በመጨረሻ የጠፋችበትን ሁኔታ ነው። ይህ አቆጣጠር ለብዙ መርከቦች ይበቃል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ጠረፍ ለተሰማራችው ለ«ኮኒግስበርግ» ግን አይበቃም። ይህች መርከብ በባሕር ላይ የማረከችው የንግድ መርከብ አንድ ብቻ ነው፤ ያሰጠመችውም የጦር መርከብ አንድ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል እሷን ፈልጎ ለማግኘትና ለማጥፋት አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ፈጅቶበታል።

ይህ አጭር ጽሑፍ የመርከቧን አገልግሎት በአራት ምዕራፎች ከፍሎ ይመለከታል፦ የንግድ መርከብ አዳኝ የሆነችበትን፣ በዛንዚባር የተዋጋችበትን፣ በሩፊጂ ወንዝ ዴልታ የታገደችበትንና ከሰመጠች በኋላ መድፎቿ በየብስ ያገለገሉበትን ጊዜ። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ፣ በአራቱም ምዕራፎች ውጤቱን የወሰነው ከመድፍ ብዛት ይልቅ የመርከቧ ከየብስ ጋር ያላት ግንኙነት፣ ማለትም የድንጋይ ከሰል፣ የጥገና ሥፍራና የሰው ጉልበት መሆኑን ማሳየት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መርከቧና ተልእኮዋ

«ቀላል ክሩዘር» የሚባለው ከታላላቆቹ የጦር መርከቦች ያነሰ የብረት ጥሩርና አነስተኛ መድፍ ያለው፣ ነገር ግን ፈጣን የሆነ የጦር መርከብ ዓይነት ነው። ዋና ተግባሩ ቅኝት፣ የንግድ መስመሮችን መጠበቅና በጦርነት ጊዜ የጠላትን የንግድ መርከቦች ማጥቃት ነበር። «ኮኒግስበርግ» በኪል ከተማ ተሠርታ በ1905 ወደ ውሃ የወረደች ሲሆን፣ ወደ አገልግሎት የገባችው በ1907 ነው። 115 ሜትር ያህል ርዝመት፣ አሥር ባለ 10.5 ሳንቲ ሜትር መድፎች፣ 24 ኖት ገደማ (በሰዓት 44 ኪሎ ሜትር ያህል) ፍጥነትና 320 የሚጠጉ መኮንኖችና መርከበኞች ነበሯት።

በአዛዥዋ በማክስ ሎፍ መሪነት በአፕሪል 1914 ከኪል ተነሥታ በጁን ወር መጀመሪያ የጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ ዋና ከተማ ወደ ነበረችው ዳሬሰላም ደረሰች። የአገሬው ሰዎች በሦስቱ የጭስ ማውጫዎቿ ምክንያት በስዋሂሊ «ባለ ሦስት ቧንቧዋ የጦር መርከብ» የሚል ትርጉም ያለው ስም አወጡላት። ጦርነቱ ሊፈነዳ መቃረቡ ሲታወቅ፣ አዛዥዋ በወደብ ውስጥ ተዘግቶ ላለመቅረት ጁላይ 31 ቀን መርከቧን ይዞ ወጣ። በሪር አድሚራል ኸርበርት ኪንግ-ሆል የሚመሩት ሦስት አሮጌ የእንግሊዝ ክሩዘሮች፣ «ሃያሲንት»፣ «አስትሪያ» እና «ፔጋሰስ»፣ ሊከታተሏት ቢሞክሩም በፍጥነት በልጣቸው ተሰወረች።

ከሰል ያጣች አዳኝ

ኦገስት 6 ቀን 1914 «ኮኒግስበርግ» ከኤደን በስተ ምሥራቅ ባለው ባሕር «ሲቲ ኦፍ ዊንቸስተር» የተባለችውን ሻይ የጫነች የእንግሊዝ የንግድ መርከብ ማረከች። ይህ ድል የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም ሆነ። ምክንያቱ የድፍረት ማነስ አልነበረም። በዚያ ዘመን የጦር መርከብ የሚንቀሳቀሰው በድንጋይ ከሰል ነበር፤ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ደግሞ የከሰሉ ፍጆታ እጅግ ይጨምራል። እንግሊዞች በጎረቤት የፖርቱጋል ቅኝ ግዛት የነበረውን የከሰል ክምችት ገዝተው ከገበያ አወጡት። የዳሬሰላም ባለሥልጣናት በበኩላቸው የጠላት መርከቦች እንዳይገቡ በመስጋት የወደቡን ተንሳፋፊ መጠገኛ በመግቢያው ላይ አስጠሙት። በዚህም ምክንያት ወደቡ ለራሷ ለ«ኮኒግስበርግ» ጭምር ተዘጋ። መርከቧ ጦርነቱ በተጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ መጠጊያ ወደብ አልባ ሆነች ማለት ነው።

ማከማቻዋ ሊሟጠጥ ጥቂት ሲቀረው፣ በሶማሊያ ጠረፍ በራስ ሐፉን አካባቢ «ሶማሊ» የተባለችው አቅራቢ መርከብ ደርሳ ከሰል አካፈለቻት። ከዚያም ወደ ማዳጋስካር ሄዳ የፈረንሳይ መርከቦችን ብትፈልግ ምንም አላገኘችም። በተመሳሳይ ወቅት በሕንድ ውቅያኖስ ምሥራቃዊ ክፍል የተሰማራችው ሌላዋ የጀርመን ቀላል ክሩዘር «ኤምደን» ከ20 በላይ የንግድ መርከቦችን ይዛለች ወይም አስጥማለች። የሁለቱ መርከቦች የጦር መሣሪያ ተመሳሳይ ነበር። ልዩነቱ «ኤምደን» መርከብ በሚበዛበት መስመር ላይ በመሰማራቷ፣ ከምትማርካቸው መርከቦች የምትፈልገውን ከሰል ማግኘቷ ነው። ስለዚህ የ«ኮኒግስበርግ» የአደን ውጤት ማነስ የሚያስረዳው የአዛዡን ብቃት ሳይሆን የአቅርቦት መሠረት አለመኖርን ነው።

ዛንዚባር፣ ሴፕቴምበር 20 ቀን 1914

መርከቧ ሴፕቴምበር 3 ቀን ወደ ሩፊጂ ወንዝ ዴልታ ገባች። የጀርመን የባሕር ቅየሳ መርከብ «ሜቨ» የዴልታውን መተላለፊያዎች ከጦርነቱ ጥቂት ቀደም ብላ ለክታ ስለ ነበር፣ ጀርመኖች ትልቅ መርከብ ሊያስገባ የሚችለውን መንገድ ያውቁ ነበር። የእንግሊዝ ካርታዎች ግን ይህን አያሳዩም።

ከዚያ ሆና «ፔጋሰስ» በዛንዚባር ወደብ ለጥገና መቆሟን የሰማችው «ኮኒግስበርግ» ሴፕቴምበር 20 ቀን ንጋት ላይ ደርሳ ጥቃት ከፈተች። የ«ፔጋሰስ» መድፎች አሮጌ ስለ ነበሩ ጥይታቸው ከጀርመኗ መርከብ አይደርስም ነበር። ከ30 በላይ እንግሊዛውያን መርከበኞች ሞቱ፣ ከ50 በላይ ቆሰሉ፤ መርከቧም በዚያው ዕለት ሰጠመች። በ«ኮኒግስበርግ» በኩል የደረሰ ጉዳት አልነበረም።

የዚህ ድል ዋጋ የታየው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ነው። በመመለሻ ጉዞ ላይ የመርከቧ ሞተር ከባድ ብልሽት ደረሰበት። የተበላሹትን ክፍሎች ለመጠገን የሚችል ሥፍራ በአቅራቢያ የነበረው በዳሬሰላም ብቻ ሲሆን፣ የባሕሩ መንገድ ደግሞ የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ ግዙፎቹ የብረት ክፍሎች ከዴልታው እስከ ዳሬሰላም ድረስ በየብስ፣ በአፍሪካውያን ሠራተኞች ጉልበት እየተጎተቱ ሄደው፣ ተጠግነው በዚያው መንገድ ተመለሱ። ዘመናዊ የኢንዱስትሪ ውጤት የሆነችው መርከብ ዳግመኛ መንቀሳቀስ የቻለችው በጫካና በረግረግ መካከል ገመድ በጎተቱ፣ ስማቸው በመዝገብ ባልሰፈረ ሰዎች ትከሻ ነው።

የሩፊጂ እገዳ

የ«ፔጋሰስ» መጥፋት እንግሊዞችን አስደነገጠ። ከሕንድ ወታደር ጭነው የሚጓዙ መርከቦች በዚህ መስመር ያልፉ ስለ ነበር፣ አንዲት የጠላት ክሩዘር በነፃነት መንቀሳቀሷ ብቻ ለእያንዳንዱ ጉዞ አጃቢ እንዲመደብ ያስገድድ ነበር። «ቻተም»፣ «ዳርትማውዝ» እና «ዌይማውዝ» የተባሉ ሦስት አዳዲስ ክሩዘሮች ለፍለጋ ተላኩ። መደበቂያዋንም ያጋለጠው የከሰል ጉዳይ ነው። «ቻተም» በሊንዲ ወደብ ባገኘችው «ፕሬዚደንት» በተባለች የጀርመን መርከብ ላይ፣ ወደ ሩፊጂ ከሰል መላኩን የሚገልጹ ሰነዶች ተገኙ። ኦክቶበር 30 ቀን 1914 «ኮኒግስበርግ» በማንግሮቭ ዛፎች መካከል ተሸሽጋ ታየች።

ማየትና መድረስ ግን የተለያዩ ነገሮች ሆኑ። የእንግሊዝ ክሩዘሮች ከውሃ በታች የሚገባው አካላቸው ጥልቅ በመሆኑ ወደ ወንዙ መግባት አልቻሉም። መድፎቻቸውም ወደ ላይኛው የዴልታው ክፍል ወዳፈገፈገችው መርከብ አልደረሱም። በኖቬምበር ወር «ኒውብሪጅ» የተባለች መርከብ ከመተላለፊያዎቹ በአንዱ ላይ ሆን ተብሎ እንድትሰጥም ተደረገ፤ ነገር ግን ዴልታው ብዙ ቅርንጫፎች ስላሉት ይህ ብቻውን አልበቃም። ለቅኝት የመጡት የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖችም በሙቀቱና በእርጥበቱ ምክንያት ፈጥነው ይበላሹ ነበር። ፒተር ፕሪቶሪየስ የተባለ የአካባቢው ዐዋቂ አዳኝ ወደ ዴልታው ዘልቆ በመግባት የመርከቧን ትክክለኛ ሥፍራና የመተላለፊያዎቹን ጥልቀት እንዲያጠና ተመደበ።

በውስጥ ያሉት ጀርመኖችም ሁኔታ ቀላል አልነበረም። ወባና ሙቀት መርከበኞቹን ያዳክም ነበር፤ ከፊሎቹም ወደ የብሱ ጦር ተዛወሩ። በአፕሪል 1915 የዴንማርክ መርከብ መስላ ከጀርመን የመጣችው «ሩበንስ» ከሰልና ጥይት ይዛ እስከ ታንጋ ሰሜናዊ ጠረፍ ደረሰች። «ሃያሲንት» ደርሳባት በማንዛ ባሕር ወሽመጥ ስትመታት፣ ለ«ኮኒግስበርግ» የታሰበው ከሰል ከታለመለት ቦታ ሳይደርስ ቀረ። ከጭነቱ የተረፈው ብዙ የጦር መሣሪያና ጥይት ግን ወደ የብስ ወጥቶ ለጀርመን ጦር አገለገለ። ከዚያ በኋላ መርከቧ ወደ ባሕር የመመለስ ተስፋዋ ተሟጠጠ።

የመጨረሻው ውጊያ

መፍትሔው የተገኘው ለሌላ አህጉር ወንዝ ከተሠሩ መርከቦች ነው። «ሴቨርን» እና «ሜርሲ» በእንግሊዝ አገር ለብራዚል መንግሥት፣ በአማዞን ወንዝ ላይ እንዲያገለግሉ የተሠሩ «ሞኒተር» የሚባሉ ጠፍጣፋ የመድፍ መርከቦች ሲሆኑ፣ ጦርነቱ ሲጀመር የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ገዝቷቸዋል። ከውሃ በታች የሚገባው አካላቸው ከሁለት ሜትር ያነሰ ነው፤ የ«ኮኒግስበርግ» ግን ከአምስት ሜትር ይበልጥ ነበር። ከማልታ ተነሥተው በስዊዝ ቦይና በቀይ ባሕር በኩል እየተጎተቱ በጁን 1915 ደረሱ። እንግሊዞች በጃንዋሪ 1915 በያዟት በማፊያ ደሴት ላይም የአውሮፕላን ማረፊያ ተዘጋጀ።

ጁላይ 6 ቀን የተደረገው የመጀመሪያ ጥቃት አልተሳካም። በዛፎች ውስጥ የተደበቁ ጀርመናውያን ተመልካቾች ጥይቱ የሚያርፍበትን ቦታ ለመርከባቸው ይገልጹ ስለ ነበር፣ የ«ኮኒግስበርግ» ተኩስ እጅግ የተስተካከለ ሆነ፤ «ሜርሲ» ተመትታ ሰዎች ሞቱባት። ጁላይ 11 ቀን ጥቃቱ ተደገመ። በዚህ ጊዜ አብራሪው ጆን ካልና ተመልካቹ ሃርዉድ አርኖልድ ከአየር ላይ ሆነው በሽቦ አልባ ቴሌግራፍ የተኩስ ማስተካከያ ይልኩ ነበር። አውሮፕላናቸው ተመትቶ ወደ ታች እየወረደ ሳለ እንኳ መልእክት መላካቸውን አላቋረጡም፤ ወንዙ ላይ ወድቀው «ሜርሲ» አተረፈቻቸው። የ«ሴቨርን» ጥይቶች በተከታታይ ዒላማቸውን መቱ። ቆስሎ የነበረው ሎፍ መርከቧ በራሷ ቶርፔዶ እንድትፈነዳ አዘዘ። ይህ ውጊያ አውሮፕላን የመርከብ መድፍን ተኩስ ከመራባቸው የመጀመሪያዎቹ አጋጣሚዎች አንዱ ነው።

ከመርከቧ በኋላ

የመርከቧ አገልግሎት ግን በዚህ አላበቃም። ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ በመቀመጧ አሥሩም መድፎች ወጥተው ወደ ዳሬሰላም ተወሰዱ፤ ጎማና መሸከሚያ ተሠርቶላቸውም የጄኔራል ፓውል ፎን ሌቶቭ-ፎርቤክ ጦር ከባድ መድፎች ሆኑ። አንደኛው በታንጋኒካ ሐይቅ ላይ በ«ግራፍ ፎን ጌትዘን» መርከብ ላይ ለጊዜው ተተከለ። ሌሎቹ በ1916 በካሄና በኮንዶአ ኢራንጊ የተኮሱ ሲሆን፣ ከመርከቧ የተረፉት ሰዎችም በእግረኛነት ተሰልፈው ተዋጉ። ሎፍ ራሱ የተማረከው በኖቬምበር 1917 ነበር። ዛሬ ከእነዚህ መድፎች መካከል አንዱ በሞምባሳ በፎርት ጂሰስ፣ ሌላው በፕሪቶሪያ ይታያሉ።

እነዚህን መድፎች በተራራና በረግረግ ያንቀሳቀሷቸው እንደ ሞተሩ ክፍሎች ሁሉ አፍሪካውያን ተሸካሚዎችና ጎታቾች ናቸው። በምሥራቅ አፍሪካ ዘመቻ በሁለቱም ወገን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተሸካሚዎች በበሽታ፣ በረሃብና በድካም አልቀዋል። የመርከበኞቹ ስምና ማዕረግ በአብዛኛው ተመዝግቦ ሲገኝ፣ የእነዚህ ሰዎች ግን አይገኝም።

ማጠቃለያ

የ«ኮኒግስበርግ» አገልግሎት በማረከቻቸው መርከቦች ብዛት ከተለካ ኢምንት ነው። በእሷ ምክንያት ከሌላ ግዳጅ በተገቱት ክሩዘሮች፣ ሞኒተሮችና አውሮፕላኖች ከተለካ ግን ከአንድ ቀላል ክሩዘር ከሚጠበቀው እጅግ ይልቃል። ጠላቷን አብልጣ ያስጨነቀችው በባሕር ላይ ስትመላለስ ሳይሆን ቆማ ሳለች መሆኑ ይህን ያጠናክራል።

ከዚህ ታሪክ ለተመራማሪ የሚተርፈው ነጥብ የምንጭ አጠቃቀምን የሚመለከት ነው። የመርከብ ታሪክ ከመርከብ መዝገብ ብቻ ከተጻፈ፣ ውጊያዎቹን ይነግረናል እንጂ ውጊያዎቹን የሚቻሉ ወይም የማይቻሉ ያደረጋቸውን ነገር አይነግረንም። ለ«ኮኒግስበርግ» ይህ ነገር የከሰል ጆንያ፣ የዳሬሰላም የጥገና ሥፍራ፣ የሩፊጂ ውሃ ጥልቀትና የተሸካሚው ትከሻ ነበር። በቅኝ ግዛት ጠረፎች የተደረጉ የባሕር ጦርነቶችን የሚያጠና ሰው የባሕር ኃይል መዛግብትን ከሠራተኛ ምልመላ፣ ከወደብ አስተዳደርና ከአካባቢው የቃል ታሪክ ጋር አቀናጅቶ ቢመረምር፣ እስካሁን በግርጌ ማስታወሻ የቀሩትን ሰዎች ወደ ዋናው ትረካ ያመጣቸዋል።