በጠፈር ላቦራቶሪ የሚደረገውን ምርምር ስለ መከታተል

ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፥ በ90 ደቂቃ ያህል ጊዜ ዓለምን አንድ ጊዜ የሚዞር የምርምር ቤት አለ። ይህ ዓለም አቀፍ የጠፈር ጣቢያ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2000 ዓ.ም. ኖቬምበር ወር ጀምሮ ሰው ተለይቶት አያውቅም። ሮኬት ሲተኮስና ተጓዦቹ ሲመለሱ የሚሰማው ወሬ ብዙ ነው፤ ምርምሩ ምን ፍሬ እንዳፈራ እስከ መጨረሻው የሚከታተለው ሰው ግን ጥቂት ነው። የዚህንም ጉዳት በአንድ ምሳሌ ለመግለጽ እንወዳለን።

ስኮት ኬሊ የተባለው አሜሪካዊ በ2015 ዓ.ም. በማርች ወር ወደ ጣቢያው ወጥቶ፥ 340 ቀን ተቀምጦ፥ በ2016 ዓ.ም. በማርች ወር ተመለሰ። ማርክ የሚባለው መንትያ ወንድሙ፥ ቀድሞ እርሱም የጠፈር ተጓዥ የነበረው፥ በዚያን ጊዜ በምድር ላይ ነበር። ሁለቱ ከአንድ ፅንስ የተከፈሉ ስለ ሆኑ የወረሱት ዘር አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ዐሥር የተመራማሪዎች ቡድኖች፥ የጠፈር ኑሮ በሰው አካል ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ለመለየት፥ ከጉዞው በፊት፥ በጉዞው ጊዜና ከጉዞው በኋላ የሁለቱን ደምና ሽንት እየመረመሩ፥ የማሰብ ችሎታቸውንም እየፈተኑ አስተያዩአቸው።

በ2018 ዓ.ም. በማርች ወር፥ የስኮት ዘር ከመቶ 7 እጅ ስለ ተለወጠ ከወንድሙ ጋር መንትያ መሆኑ ቀርቷል የሚል ወሬ በብዙ ጋዜጦች ወጣ። ነገሩ ግን እንዲህ አልነበረም። ዘር በሕዋሳችን ውስጥ እንደ ተጻፈ መጽሐፍ ነው፤ አካላችንም አንዳንዱን ገጽ አዘውትሮ ያነባል፥ አንዳንዱንም ዘግቶ ያቆያል። በስኮት የተለወጠው ንባቡ እንጂ ጽሕፈቱ አይደለም። ናሳ የተባለው የአሜሪካ የጠፈር ድርጅትም ይህንኑ አስረድቶ ወሬውን አረመ። ሙሉው ጥናት በ2019 ዓ.ም. በኤፕሪል ወር «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ሲወጣ፥ ከተለወጠው የጂኖች አሠራር ከመቶ 90 እጅ የሚበልጠው በ6 ወር ውስጥ ወደ ቀድሞው ሁኔታ እንደ ተመለሰ ታወቀ።

ሌላም ያልተጠበቀ ነገር ተገኘ። በክሮሞሶም ጫፍ ያሉት ቴሎሜር የተባሉት ክፍሎች ሰው ባረጀ መጠን የሚያጥሩ ናቸው። በጠፈርም ያጥራሉ ተብሎ ሲጠበቅ ረዘሙ። ምርመራው እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ፥ ጠፈር ሰውን ወጣት ያደርጋል በተባለ ነበር። ነገር ግን ክትትሉ ስለ ቀጠለ፥ ሰውየው ወደ ምድር እንደ ተመለሰ ፈጥነው እንዳጠሩ፥ ከበፊቱም ይልቅ ያጠሩ እንደ በዙ ታየ። እንደዚሁም የአእምሮው ፍጥነትና ትክክለኛነት ከተመለሰ በኋላ ቀንሶ፥ ቅናሹ እስከ 6 ወር ድረስ ቆየ።

ይህ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከጣቢያው የሚመለሱትን በምድር ላይ ሐኪሞች ተቀብለው ይደግፏቸዋል። ወደ ማርስ ሊሄዱ የሚታሰቡት ግን ወራት ተጉዘው ሲደርሱ የሚቀበላቸው ሰው የለም፤ ራሳቸው በራሳቸው አስበው መሥራት ይኖርባቸዋል። የአንድ ሰው ምርመራም ለሁሉ መፍረጃ ስለማይሆን፥ ሊቃውንቱ በሌሎች ተጓዦች ላይ ደጋግመው ማየት አለባቸው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ከጠፈር አዲስ ነገር ተገኘ የሚል ወሬ ስትሰማ፥ ጥናቱ ታትሟልን? ስንት ሰዎች ተመርምረዋል? ከተመለሱስ በኋላ ምን ታየ? ብለህ ጠይቅ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፥ በችኮላ የተነገረውን መልሶ ማረም ከመጠበቅ ይልቅ ያደክማልና።