ለማዳበሪያ ሃይድሮጅን ነፋስ ወይስ ፀሐይ?

አሊዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከታጁራ የሚመጣው ቅፍለት የሚያርፍባት የሸዋ ገበያ ነበረች። ዛሬም የይፋት ገበሬ የሚበትነው ዩሪያ በዚያው በባሕሩ አቅጣጫ፣ በጅቡቲ በኩል፣ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ይመጣል። ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ፣ አሞኒያም ከናይትሮጅንና ከሃይድሮጅን ነው። ናይትሮጅኑ ከአየር ይገኛል። ሃይድሮጅኑን ዓለም በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ያወጣዋል፤ ውሃን በኤሌክትሪክ ሰንጥቆ ማውጣትም ይቻላል። ስለዚህ ከሸዋ ሮቢት ቆላ ፀሐይና ከአንኮበር ተረተር ነፋስ የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር ለይፋት ከመኪና ነዳጅ ይልቅ የማዳበሪያ ጉዳይ ነው። እኔ ለነፋሱ አደላለሁ።

ለፀሐይ የሚከራከሩ ሰዎች ዋጋ ይጠቅሳሉ፤ ልክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 የሳዑዲው አክዋ ፓወር ለጋድና ለዲቼቶ የፀሐይ ጣቢያዎች በኪሎዋት ሰዓት 2.5 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ አቅርቦ ጨረታውን አሸንፏል (ግንባታው ግን ለዓመታት ሳይጀመር ቆየ)። ሆኖም የሃይድሮጅን ወጪ ኤሌክትሪክ ብቻ አይደለም። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ከ50 እስከ 55 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ውሃውን የሚሰነጥቀው ኤሌክትሮላይዘርም ራሱ ውድ ማሽን ነው። ዓመት 8,760 ሰዓት አለው። የፀሐይ ጣቢያ ምርቱ በሙሉ አቅም ሲሰላ ከዚህ ውስጥ 2,000 ሰዓት ገደማ ይሠራል፤ ጥሩ የነፋስ ጣቢያ ግን ሌሊትም ስለሚነፍስለት ከ2,600 እስከ 3,000 ይደርሳል። ማሽኑ በቆመ ቁጥር ዕዳው በጥቂት ኪሎ ላይ ይከመራል። በአገራችን ነፋሱ በአብዛኛው የሚበረታው በበጋ መሆኑም አይጎዳም፤ በበጋ የተሠራ አሞኒያ ቀዝቅዞ በታንከር ተከማችቶ ለክረምቱ ዘር ይደርሳል።

በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው የሚል ተቃውሞ አለ። እውነት ነው፤ በደብረ ብርሃን ከፍታ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ተርባይኑም በዚያው ልክ ይዳከማል። ነገር ግን የነፋስ ፍጥነት በ10 በመቶ ሲጨምር ጉልበቱ በሲሶ ያህል ስለሚጨምር በደንብ የተመረጠ ተረተር ጉድለቱን ይክሳል። የቆላው ፀሐይም እንደሚታሰበው አይደለም። ፓነል ከ25 ዲግሪ በላይ በጋለ ቁጥር በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ገደማ ያጣል፤ 60 ዲግሪ ሲደርስ ከምርቱ አንድ ሰባተኛው ቀረ ማለት ነው። የውሃው ስጋት ደግሞ የተጋነነ ነው። ለአንድ ኪሎ ሃይድሮጅን የሚሰነጠቀው ውሃ ዘጠኝ ሊትር ነው፤ ለማጣራት እጥፉ ቢወሰድ እንኳ የ100 ሜጋዋት ጣቢያ የዓመት ፍጆታ ከጥቂት አሥር ሄክታር የሽንኩርት መስኖ አይበልጥም።

የሚከብደው ተቃውሞ የጋዙ ነው። በአባይ ዳር፣ አስዋን ላይ፣ የግብፁ ኪማ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ከአስዋን ግድብ ኤሌክትሪክ ሃይድሮጅን እያወጣ ማዳበሪያ ሠርቷል፤ በኋላ ግን ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ዞረ። በእኛም አገር ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከዳንጎቴ ጋር የተፈረመው የጎዴ ፋብሪካ ከካሉብና ከሒላላ ጋዝ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ለማምረት የታቀደ ነው። በ30 በመቶ አቅም የሚሠራ 100 ሜጋዋት የነፋስ ጣቢያ፣ ኤሌክትሪኩ በሙሉ ለዚህ ቢውል፣ የሚሰጠው ወደ 45 ሺሕ ቶን ዩሪያ ነው። ለዚያውም ለዩሪያ የሚያስፈልገው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከጋዝ ፋብሪካ ራሱ ሲወጣ፣ ለነፋሱ አሞኒያ ግን ከሲሚንቶ ፋብሪካ ወይም ከሌላ ቦታ መፈለግ አለበት። ነፋሱ ዛሬ በዋጋ ጋዙን ይረታል ብሎ መከራከር አይቻልም።

ይህ ግን ነፋሱን አይጥለውም፤ ቅደም ተከተሉን ያስተካክላል እንጂ። የአሸጎዳና የአዳማ የነፋስ ጣቢያዎች ያለ ሃይድሮጅን ይሠራሉ፤ በበጋ የሚያመነጩት ኤሌክትሪክ የግድብ ውሃ ይቆጥባል። የአንኮበር ተርባይንም መጀመሪያ ለዋናው መስመር ያመንጭ፤ ኤሌክትሮላይዘሩ የኤሌክትሪክ ትርፍ ሲኖርና የማሽኑ ዋጋ ሲወርድ ይጨመር። የቆላው ፀሐይ ደግሞ ሃይድሮጅን ሳይጠብቅ የሽንኩርትና የማሾ ማሳ የሚያጠጣውን ፓምፕ ዛሬውኑ ያንቀሳቅስ። ከሁሉ የሚቀድመው በተረተሩ ላይ ምሰሶ ተክሎ ነፋሱን ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት መለካት ነው፤ የፍጥነቱ ግምት በ10 በመቶ ቢዛነፍ ከጉልበቱ ሩብ በላይ ሊጎድል ይችላል።