ያበጠን የእግር ደም ሥር በሙቀት መዝጋት

ደምን ከእግር ወደ ልብ የሚያደርሱት የደም ሥሮች፣ ማለትም ደም መልሶች፣ ሥራቸውን የሚያከናውኑት የመሬትን ስበት ተቋቁመው ስለሆነ፣ ደሙ ተመልሶ እንዳይወርድ የሚያግዱ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈቱ ቫልቮች በውስጣቸው አሏቸው። እነዚህ ቫልቮች በዕድሜ፣ በዘር፣ በእርግዝና ወይም ለረጅም ሰዓት በመቆም ሳቢያ ሲላሉ ደሙ ወደ ታች ይመለሳል፤ ከቆዳ ሥር ያለው ደም መልስም እየሰፋና እየተጠማዘዘ ሄዶ ቫሪኮስ ቬይን የተባለው ሕመም ይከሰታል። ብዙዎች ይህን የመልክ ጉዳይ አድርገው ቢያዩትም፣ ችላ ሲባል እግርን ከማሳበጥ አልፎ በቁርጭምጭሚት አካባቢ ቆዳን አጥቁሮ በቀላሉ የማይድን ቁስል ሊያስከትል ይችላል።

ለብዙ አሥርት ዓመታት የተለመደው ሕክምና ብሽሽት ላይ ቀዶ ደም ሥሩን ስቦ ማውጣት ነበር። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1999 በራዲዮ ሞገድ፣ በ2002 ደግሞ በሌዘር የሚሠሩ መሣሪያዎች ፈቃድ ካገኙ ወዲህ ግን፣ ደም ሥሩን ባለበት ተኩሶ መዝጋት እየተለመደ መጣ።

ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እየተመለከተ፣ ካቴተር የተባለውን ቀጭን ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ ጉልበት አካባቢ በመርፌ ቀዳዳ ያስገባና፣ ጫፉን ደም ሥሩ ከጥልቁ ደም መልስ ጋር ከሚገናኝበት ቦታ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቆ ያቆመዋል። ከሙቀቱ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ቀጣዩ እርምጃ ሳይሆን አይቀርም፤ በጨዋማ ፈሳሽ የቀጠነ ማደንዘዣ በደም ሥሩ ዙሪያ ሲወጋ፣ ሕመሙን ከማደንዘዙም በላይ ደም ሥሩን ጨምቆ ከቱቦው ጋር ያጣብቀዋል፣ ቆዳንና ነርቭንም ከቃጠሎ ይጋርዳል። በስፋት የሚሠራበት የራዲዮ ሞገድ ካቴተር 7 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ጫፉ እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ግሎ አንዱን ክፍል ለ20 ሰከንድ ከተኮሰ በኋላ ወደ ቀጣዩ ክፍል ይሳባል። የደም ሥሩ ግድግዳ በሙቀቱ ተኮማትሮ ይዘጋል፤ በወራት ውስጥም ወደ ጠባሳነት ይለወጣል።

ደሙ ታዲያ በየት ይመለሳል የሚል ሥጋት መነሣቱ አይቀርም። ከእግር የሚመለሰውን ደም አብዛኛውን የሚሸከሙት በጡንቻዎች መካከል ያሉት ጥልቅ ደም መልሶች ናቸው፤ የተዘጋው ደግሞ ቀድሞውንም ደሙን ቁልቁል ሲለቅ የነበረ ነው። ጥልቆቹ ጤናማ መሆናቸው አስቀድሞ የሚመረመረውም ለዚሁ ነው።

ታካሚው በዚያው ቀን በእግሩ ይሄዳል። መበለዝና መደንዘዝ ያጋጥማል፤ የቆዳ ቃጠሎና በጥልቁ ደም ሥር የደም መርጋት ግን እምብዛም አይታዩም። በእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ናይስ የተባለ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2013 ይህን ሕክምና ከቀዶ ሕክምና አስቀድሞታል፤ ካቴተር ለማሳለፍ እጅግ ለተጠማዘዙ ደም ሥሮች ግን አረፋ መሰል መድኃኒት መውጋት ይመረጣል።