ገብቶ የማይቀረው መረብ

የረጋ ደም የአንጎልን ደም ሥር ሲዘጋ ስትሮክ እንደሚሆን፣ ይህም አንደበትን እንደሚያስርና ግማሽ አካልን እንደሚያሽመደምድ አንባቢ ያውቀዋልና በዚህ ላይ ቃል አላበዛም። የማበዛው የረጋውን ደም ስቦ ስለሚያወጣው መሣሪያ ነው፤ ሥራው የከበረ ሲሆን የሚያወሳው ሰው ጥቂት ነውና።

በአሜሪካ አገር በዚህ መሣሪያ ታክሞ አንደበቱ የተመለሰለትን ዘመዳችንን ልንጠይቅ በሄድን ጊዜ፣ አንድ አዛውንት ጎንበስ ብለው፣ «እንኳን ማረህ ልጄ፤ ግን ያ ሽቦ እንግዲህ ጭንቅላትህ ውስጥ ሊኖር ነው?» አሉት። ብዙ ሰው የልብን ደም ሥር ከፍቶ እዚያው የሚቀረውን ስቴንት ስለሚያውቅ፣ የአንጎሉም እንዲሁ ይመስለዋል። ይህኛው ግን ገብቶ የሚወጣ ነው፤ ክብሩም በመውጣቱ ነው።

ሐኪሙ ከብሽሽት ወይም ከእጅ አንጓ ያስገባውን ካቴተር በራጅ እየተመለከተ እስከ አንገት ካደረሰ በኋላ፣ ቀዳዳው ከአንድ ሚሊሜትር የጠበበ ሌላ ካቴተር በውስጡ አሳልፎ ከረጋው ደም ወዲያ ያሻግራል። ቀጭኑ ካቴተር ወደ ኋላ ሲሳብ፣ በውስጡ ተጨምቆ የነበረው መረብ፣ ኒኬልና ታይታኒየም ተዋሕደው ከሚያስገኙት፣ ቅርጹን ከማይረሳው ኒቲኖል የተሠራ ነውና፣ በረጋው ደም መካከል በገዛ ኃይሉ ይዘረጋል። ያን ጊዜ፣ እስከዚያች ደቂቃ ሲጣደፍ የነበረው ሐኪም፣ የረጋው ደም በመረቡ ዓይኖች ገብቶ እስኪያያዝ ድረስ አምስት ደቂቃ ያህል እጁን ሰብስቦ ይጠብቃል፤ እኔ ከሥርዓቱ ሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህን ትዕግሥት ነው። ከዚያም መረቡን እንደ ተዘረጋ በቀስታ ይስበዋል፤ ስባሪው ተመልሶ ወደ አንጎል እንዳይነዳም ብዙዎች በአንገት ባለው ካቴተር ጫፍ ያለውን ፊኛ ነፍተው ደሙን ይገታሉ፣ በሲሪንጅም ይመጥጣሉ።

እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ መጀመሪያ የተፈቀደው መርሲ የቡሽ መንቀያ የመሰለ ጥምዝ ሽቦ ነበር፤ በ2012 የተፈቀደው ሶሊቴር ግን፣ ነገሩ ያስገርማል፣ በመጀመሪያ የታሰበው ያበጠ ደም ሥር የሚሞላበትን ሽቦ ደግፎ በዚያው እንዲቀር ነበር። በ2015 የሆላንዱ ሚስተር ክሊንና ሌሎች አራት ጥናቶች ታትመው የሕክምናውን ጥቅም ካስረዱ ወዲህ ክርክሩ ረገበ።

በ2018 የታተመው ዶውን የተባለው ጥናት፣ በምስል ተመርምረው ለተመረጡ ሕሙማን እስከ 24 ሰዓት ድረስ ተስፋ እንዳለ ቢያሳይ፣ «እንግዲያስ እስኪነጋ ይተኛ» የሚሉ ሰነፎች ተነሡ። ትልቅ ደም ሥር ተዘግቶ ሳለ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የአንጎል ሕዋስ እንደሚሞት ተገምቷል። ስለዚህ አስታማሚ ሆይ፣ ሳትውል ሳታድር ሕመምተኛውን አድርስ፤ ሐኪሙም ሲጠይቅህ ወድቆ ያገኘህበትን ሳይሆን ደኅና ሆኖ በመጨረሻ የታየበትን ሰዓት ንገረው፤ ቆጠራው የሚጀምረው ከዚያ ነውና።