ስለ ክራር ቆዳና ስለ ብርኩማው

ባለፈው ክረምት ከዳባት የመጣ አንድ ወጣት መምህር፣ ገበቴው ላይ ዋልያ የተሣለበትን፣ ለሀገር ጎብኚ ተብሎ በርካሽ ከሚሸጠው ወገን የሆነ ክራር ከነጠላው ፈትቶ ከፊቴ አኖረና፣ «ጋሼ፣ ክሩን በሙሉ አውጥቼ የጊታር ሽቦ አገባሁበት፤ ድምፁ ግን ይባስ ታፈነ፤ እንግዲህ ማይክ ቢገባለት ስንት ያስወጣኛል?» አለኝ። ቆዳውን በጣቴ መታ መታ ሳደርገው የሚመልሰው ድምፅ አልነበረም፤ ክሮቹ ከቆዳው በላይ የሚያርፉበት ብርኩማ በሽቦው ውጥረት ተጭኖ ቆዳውን አጎድጉዶታል፤ ቀንበሩም ወደ አንድ ወገን ዘመም ብሏል። ሽቦውን አውርደን ቆዳውን እንለውጠው ስለው፣ «ቆዳውማ አዲስ ነው፤ አልተቀደደም» ብሎ በትሕትና አመሰገነኝና ሄደ። ማይኩን በሌላ ሰው እጅ እንዳስገባ በኋላ ሰማሁ።

«አልተቀደደም» የሚለውን ይህን ቃል ከስንቱ አፍ እንደ ሰማሁት እግዚአብሔር ያውቃል። ሰው ክራርን ሲመለከት ዓይኑ የሚያርፈው ክሩ ላይ ነው፤ ጣቱም የሚነካው ክሩን ስለ ሆነ፣ ድምፁ ከክሩ ተወልዶ በክሩ የሚያልቅ ይመስለዋል፤ ስለዚህም ክራሩ በደነቆረበት ቁጥር ጅማቱን በናይለን፣ ናይለኑን በሽቦ እየለወጠ፣ ገንዘቡንም ትዕግሥቱንም ይጨርሳል። ክር ግን በባሕርዩ ቀጭን ነውና ብቻውን አየሩን ገፍቶ ሊያናውጥ አይችልም፤ ንዝረቱን ለብርኩማው፣ ብርኩማው ለቆዳው፣ ቆዳውም በገበቴው ውስጥ ላለው አየር ካላስረከበ በቀር፣ ከደርዳሪው ጆሮ አልፎ የሚሰማ ነገር አይገኝም። ሽቦውስ ምን አመጣ? ብረት ከናይለን ወደ ሰባት እጥፍ ገደማ ይከብዳል፤ ውፍረቱና ርዝመቱ እኩል ሆኖ አንድ ዓይነት ቃና ይስጥ ቢባል፣ ውጥረቱም በዚያው ልክ ሰባት እጥፍ መሆን አለበት። የጊታር ሽቦ ቀጭኑ ቢመረጥ እንኳ የተሠራው ለእንጨት ፊትና ለጽኑ አንገት ነው፤ ያንን ሸክም በስስ የፍየል ቆዳ ላይ የሚጭን ሰው፣ ክራሩን አደነቆረው እንጂ አላሻሻለውም።

ስለ ቆዳው ደግሞ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ፣ ብራና ሲፋቅ እያዩ ባደጉ ሰዎች ሀገር ይህ ነገር መረሳቱ ነው። ብራና ፋቂው ቆዳውን ነክሮ፣ በእርጥቡ በመወጠሪያው ላይ ወጥሮ፣ ውፍረቱን በየስፍራው እያስተካከለ ፍቆ፣ በውጥረቱ እንዳለ የሚያደርቀው በከንቱ አይደለም፤ ለክራርም የሚያስፈልገው ይኸው ሥርዓት ነው። በርካሹ ክራር ላይ የሚገኘው ግን ብዙውን ጊዜ ለጫማና ለቦርሳ የለፋ ለስላሳ ቆዳ ነው፤ ማልፋት ማለት ቆዳውን እንዲተጣጠፍ ማድረግ ነውና፣ የሚተጣጠፍ ነገር ደግሞ ንዝረትን ይውጣል እንጂ አይመልስም። ይህ ቆዳ ምንም አዲስ ቢሆን፣ ምንም ባይቀደድ፣ ዋልያ ቀርቶ መላእክት ቢሣሉበት አይናገርም። በምትኩ ያልለፋ፣ ስስና እኩል ተደርጎ የተፋቀ የፍየል ቆዳ በእርጥቡ ተወጥሮ፣ በጠፍር ተሰፍቶ፣ በፀሐይ ሳይሆን በጥላ ቀስ ብሎ ቢደርቅ፣ ያው ርካሽ ገበቴ ባለቤቱ ያላሰበውን ድምፅ ይሰጣል።

ጥሬ ቆዳ እርጥበት እንደሚጠጣ አልክድም። እኔ የምሠራባት ደባርቅ ወደ 2,850 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች፣ በክረምት ጉም ከደጃፍ የማይለይባት ከተማ ናት፤ በሐምሌ የተቃኘ ክራር በማግሥቱ ይረግባል፣ በጥር ደግሞ ደረቁ ፀሐይ ቆዳውን ከልክ በላይ ይወጥረዋል። አሜሪካኖች ባንጆ የሚሉት፣ በባርነት የተጋዙ የምዕራብ አፍሪካ ሰዎች በቅል ላይ ቆዳ ወጥረው ከሠሩት መሣሪያ የመጣው፣ ይህ ችግር ስለ ነበረበት ዙሪያውን በብሎን የሚጠብቅ ሆኖ ተሠራ፤ በኋላም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጨረሻ ገደማ የፕላስቲክ ፊት ወጣለት። የእኛ ክራር ብሎን የለውምና ውጥረቱ የሚወሰነው በሚሰፋበት ቀን ነው። «የከበሮ ፕላስቲክ ቢደረግበትስ?» ለሚሉኝ፣ ዘወትር መንገድ ለሚወጣ ዘፋኝ አልከለክልም፤ ለሌላው ግን ከመጫወቱ በፊት ከምድጃው ራቅ አድርጎ ጥቂት ማሞቅ ይበቃዋል፤ እሳት ላይ አስጠግቶ የሚያሳርር ሰው ሁለተኛ እንዳይመጣብኝ እለምናለሁ።

ስለ ብርኩማው የሚጠይቀኝ ሰው ግን ከቶ የለም። የባንጆ ብርኩማ ከ2 እስከ 3 ግራም ገደማ የሚመዝን ቀላል እንጨት ሲሆን፣ በርካሹ ክራር ላይ የማገኘው ከዚያ ብዙ የሚከብድ፣ እግሩ ያልተስተካከለ፣ ቆዳውን በሁለት ጫፍ ብቻ የሚነካ ጉማጅ ነው። የከበደ ብርኩማ ድምፁን ያዳፍነዋል፤ ሲቀል ይጠራል፤ እጅግ ሲቀል ደግሞ ይሳላል። ስፍራውም ትልቅ ነገር ነው፤ ወደ መሐል ሲጠጋ ድምፁ ይወፍራል፣ ወደ ጠርዝ ሲሄድ ይቀጥናል፤ ስለዚህ ክሮቹን አላልቶ፣ ብርኩማውን በጣት ስፋት እያንቀሳቀሰ፣ በየስፍራው ትዝታን ቃኝቶ ማዳመጥ ነው። የአስናቀች ወርቁን ክራር ሰምተው «እንዲህ ይጩኽልኝ» የሚሉኝ ሰዎች የሰሙት ጩኸት ሳይሆን ጥራት መሆኑን ባስረዳቸው ይከፋቸዋል።

ቅዱስ ያሬድ የመጨረሻ ዘመኑን በእነዚሁ በሰሜን ተራሮች በብሕትውና እንደ ፈጸመ በሚተረክበት ሀገር፣ ግዕዙን ከዕዝሉ፣ ዕዝሉን ከአራራዩ በጆሮው የሚለይ ደብተራ ሳይቀር፣ ለልጁ የደነቆረ ክራር ገዝቶ «ለዘፈን መሣሪያ ይበቃል» ሲል ሰምቻለሁ። ክራር ከበገና ማዕርግ የማይደርስ መሆኑን እቀበላለሁ፤ የድምፅ ሕግ ግን ለዘፈንም ለመዝሙርም አንድ ነው።

እንግዲህ ርካሽ ክራር ያላችሁ ሁሉ፣ ለሽቦና ለማይክ ከመክፈላችሁ በፊት ቆዳውን በጣታችሁ ምቱት፤ ካልመለሰላችሁ ከመስከረም በኋላ፣ አየሩ ሲደርቅ አምጡልኝ። በክረምት ቆዳ አልሰፋም።