ሀብቱን የወረሰ ዕዳውንስ?

በአገራችን አንድ አባወራ ሲያርፍ፣ አርባው ከወጣ በኋላ ቤተሰቡ ስለ ውርስ ለመነጋገር ይቀመጣል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አስቀድሞ የሚያነሳው ጥያቄ አለ፤ «ለመሆኑ ሟች የሰው ገንዘብ ነበረባቸው ወይ?» ይላል። ሕጉም ከዚህ ልማድ የራቀ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ በኑዛዜ የተሰጠው ሁሉ ከመከፈሉ በፊት የቀብር ወጪና የሟች ዕዳ ከውርሱ ላይ እንዲነሳ ያዛል።

ይህን የምናውቀውን የቤት ጥያቄ ይዘን፣ ዛሬ ዓለምን የሚያከራክረውን የባርነት ካሳ ጉዳይ እንመልከት። የአፍሪካ ኅብረት እዚሁ አዲስ አበባ ላይ የ2025 ዓመታዊ መሪ ሐሳቡ ስላደረገው፣ ወሬው ከደጃችን የራቀ አይደለም። ለምሳሌ የምወስደው የእንግሊዝን ታሪክ ነው፤ ሒሳቡ በመዝገብ የተቀመጠ ነውና። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የእንግሊዝ ፓርላማ በቅኝ ግዛቶቹ ባርነትን የሻረው በ1833 ነው። ሕጉ ካሳም መድቦ ነበር፤ 20 ሚሊዮን ፓውንድ። ይህ በጊዜው ከመንግሥቱ ዓመታዊ ወጪ 40 በመቶ ያህሉ ነበር። ካሳው የተከፈለው ግን ሲገረፉ ለኖሩት አይደለም፤ «ንብረታችንን አጣን» ላሉት ባለቤቶች ነው። ነፃ የወጡት 800 ሺሕ ያህል ሰዎች አንድ ሳንቲም አላገኙም። እንዲያውም በአብዛኞቹ ደሴቶች ከስድስት ዓመት ዕድሜ በላይ የሆኑት ሁሉ፣ «የሙያ ልምምድ» በሚል ስም ለዚያው ለቀድሞ ጌታቸው ያለ ደመወዝ እየሠሩ እስከ 1838 እንዲቆዩ ተደረገ።

መንግሥት ያን ያህል ገንዘብ በእጁ ስላልነበረ አብዛኛውን ተበደረ። የአገሪቱ ግምጃ ቤት በ2018 እንዳስታወቀው፣ ያ ዕዳ ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2007 ማለት ነው፤ ትናንት በሉት።

በነርስነት ዕድሜዬን የጨረስኩ ሰው ነኝና እዚህ ላይ ሳልቆም ማለፍ አልችልም። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት በ1948 ሲቋቋም የነርስ እጥረት ነበረበት። በተከታዮቹ ዓመታት ከጃማይካ፣ ከባርቤዶስና ከትሪኒዳድ ብዙ ወጣት ሴቶች እየተመለመሉ ሄደው የሕሙማን ክፍሎቹን ሞሉ። የሌሊት ተራ ምን እንደሆነ የሠራበት ያውቀዋል። እነዚያ ሴቶች የሌሊቱን ሥራ ሠርተው በወሩ መጨረሻ ደመወዝ ሲቀበሉ ግብር ተቆርጦባቸዋል። ከዚያ ግብር ውስጥ ጥቂቱ፣ ቅድመ አያቶቻቸውን እንደ ከብት ይዘው ለነበሩት ሰዎች ካሳ የተወሰደውን ብድር ሲከፍል ኖሯል። የተበደለው የልጅ ልጅ ለበዳዩ ካሳ አዋጣ ማለት ነው።

የካሳው ገንዘብስ ወዴት ሄደ? የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች መዝገቡን ስም በስም ፈትሸው ለሕዝብ ክፍት አድርገውታል። ከተቀባዮቹ አንዱ ጆን ግላድስተን ነው፤ ከ2,500 በላይ ለሚሆኑ ሰዎች ከ100 ሺሕ ፓውንድ በላይ ወሰደ። ልጁ ዊሊያም ግላድስተን አራት ጊዜ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል። የሌሎቹም ገንዘብ መሬት፣ የባቡር አክሲዮንና የልጆች ትምህርት እየሆነ ተላለፈ። ጠንከር ያለው የውርስ ግብር የመጣው በ1894 ነው፤ ያውም ከፍተኛው 8 በመቶ ብቻ ነበር። ዛሬ 40 በመቶ ደርሷል፤ እሱም ከ325 ሺሕ ፓውንድ በላይ ባለው ላይ ነው። ግን ካሳው ያን ጊዜ ሁለትና ሦስት ትውልድ ተሻግሮ ነበር። በሌላው ወገን ያለው ቤተሰብ ደግሞ ባዶ እጁን ጀመረ፤ የሚወረስም የሚቀረጥም አልነበረውም።

«እኔ ያልሠራሁትን ኃጢአት ለምን እከፍላለሁ?» የሚል አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴን ከሙያዬ ላምጣ። በሽተኛ ሲመጣ፣ «አባትህ ስኳር ነበረባቸው? እናትህ ደም ግፊት ነበረባቸው?» ብለን እንጠይቃለን። አባቱን ለመክሰስ ወይም ልጁን ለማሳፈር አይደለም፤ የወረሰውን ካላወቅን ማከም ስለማንችል ነው። ጥፋት አይወረስም። ሀብት ግን ይወረሳል፤ ሀብቱን የተቀበለ ሰው ስለ ዕዳው ቢጠየቅ ነውር የለውም።

15 አባል አገሮች ያሉት የካሪቢያን ማኅበረሰብ በ2013 የካሳ ኮሚሽን አቋቁሞ በተከታዩ ዓመት አሥር ነጥቦች ያሉት ጥያቄ አቅርቧል። ይቅርታና የዕዳ ስረዛ ከነጥቦቹ መካከል ናቸው። በደሴቶቹ ሕዝብ ላይ የበረታው የደም ግፊትና የስኳር ሕመምም አብሮ ተነስቷል። የእንግሊዝ መንግሥት እስካሁን ካሳ አልከፍልም ባይ ነው። አንዳንድ ቤተሰቦች ግን ቀድመውታል፤ የግላድስተን ተወላጆች በ2023 ጉያና ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠይቀዋል።

ከማን ኪስ ይውጣ የሚለው ከባዱ ክርክር ነው። ከጠቅላላው ግብር ይውጣ ከተባለ፣ የጃማይካዊቷ ነርስ የልጅ ልጅ ዳግም ልትከፍል ነው፤ ለንደን ያለው የእኛ ሰው፣ አውቶቡስ ነጂው ሳይቀር ሊያዋጣ ነው። ስለዚህ ከትልልቅ ውርሶች ላይ ከሚሰበሰበው ግብር ቢነሳ ወደ ፍትሕ የሚቀርብ ይመስለኛል። ይህም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ ገንዘብ ከገንዘብ ተቀላቅሏል፣ ሁሉም ውርስ ከባርነት የመጣ አይደለም። ሒሳቡ ከባድ ነው ማለት ግን ሒሳብ የለም ማለት አይደለም።

የሌላውን ቤት ስንፈትሽ የራሳችንን ደጅ አንዝጋ። በአገራችንም ባርነት ነበር፤ በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ብዙዎቻችን «ባሪያ» የሚለውን ቃል እንደ ቁልምጫ፣ እንደ ቀልድ፣ ሲከፋም እንደ ስድብ በልጆች ላይ ሲነገር ሰምተን አልፈናል። በሥራ ዘመኔ በመልኩ ምክንያት በዚህ ቃል እየተጠራ ያደገ ልጅ ሲሸማቀቅ አይቻለሁ፤ የሚጠራው የገዛ አያቱ ነበሩ። ትዳር ሲታሰብ «ዘሩ ምንድን ነው?» እየተባለ የሚበላሸውም የዚያው ቅሪት ነው።

እኛ አያቶች ቤትና መሬት ባናወርስ ቃል እናወርሳለን። ልጆቻችን የእንግሊዝን ዕዳ በመጽሐፍ ያንብቡት። ይህን ቃል ግን ከአፋችን አውጥተን ከጣልነው ወደ እነሱ አይሻገርም። ለዚህ ደግሞ አዋጅም ግብርም አያስፈልገንም፤ ዛሬ ማታ ከማዕድ ዙሪያ መጀመር ይቻላል።